ፈታሹን ማን ይፈትነው? ለኮድ ጸሐፊ ረዳት ስለሚሰጥ የመረጃ ቋት ፍተሻ መመሪያ

በምሥራቅ ጎጃም ዞን፣ በደብረ ማርቆስ ከተማ ዙሪያ በሚገኘው የጎዛምን ወረዳ ውስጥ አዲስና ጉሊት የተባለች ቀበሌ አለች። በአማራ ክልል የገጠር መሬት ይዞታን መዝግቦ ለባለይዞታው የማረጋገጫ ደብተር የመስጠት ሥራ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ሲጀመር፣ በቅድሚያ ሙከራ ከተደረገባቸው ቦታዎች አንዷ ይህች ቀበሌ ነበረች። ማሳው ይለካል፤ አዋሳኞቹ ይመዘገባሉ፤ ጎረቤት ይመሰክራል፤ መሬቱ የባልና ሚስት የጋራ ይዞታ ከሆነም የሁለቱም ስም በደብተሩ ላይ ይሰፍራል። በወረቀት የተጀመረው ይህ መዝገብ ውሎ አድሮ ወደ ኮምፒውተር የመረጃ ቋት መሸጋገር ጀመረ።

በወረቀት መዝገብ ላይ ስም ሲሰረዝ የብዕሩ ጭረት ይታያል፤ ገጽ ሲገነጠልም ቅዳጁ ይቀራል። በመረጃ ቋት ውስጥ ግን ባሏ የሞተባት የአንዲት እናት ስም ከሰንጠረዥ ቢወጣ ጭረትም ቅዳጅም ላይኖር ይችላል። ስሕተቱ የሚታወቀው ምናልባት ከዓመታት በኋላ፣ የድንበር ወይም የውርስ ክርክር ተነሥቶ መዝገቡ ሲፈለግ ነው። እንዲህ ያለውን ሥርዓት የሚሠሩ ባለሙያዎች ፕሮግራሙን ሥራ ላይ ከማዋላቸው በፊት አጥብቀው መፈተሽ የሚኖርባቸውም ስለዚህ ነው።

በቅርብ ዓመታት ፍተሻውን ራሱን የሚጽፍ አዲስ ረዳት መጥቷል። ጊትሀብ ኮፓይለት የተባለው ረዳት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 ለሙከራ ከቀረበ ወዲህ፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ ኮድ ጸሐፊ ረዳቶች በብዙ ፕሮግራም ሠሪዎች ዘንድ ተለምደዋል። ለእነዚህ ረዳቶች የሥራ መመሪያ በጽሑፍ ይሰጣቸዋል። ታዲያ መመሪያው መልካም መሆኑን በምን እናውቃለን? ይህ ጽሑፍ የሚሰጠው መልስ በአጭሩ የሚከተለው ነው፦ መመሪያ ራሱ ገና ያልተረጋገጠ መላ ምት ነው፤ ስለዚህም እንደ ማንኛውም መላ ምት በሙከራ ሊመዘን ይገባዋል።

የመረጃ ቋት ፍተሻ ምንድን ነው?

በዛሬው ጊዜ የምንጠቀምባቸው አብዛኞቹ የመረጃ ቋቶች የተመሠረቱት ኤድጋር ኮድ የተባለው ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ሐሳብ ላይ ነው። መረጃው በሰንጠረዦች ይቀመጣል፤ በሰንጠረዦቹ መካከል ያለው ዝምድናም በደንብ ይታሰራል። ለምሳሌ ያህል አንድ የመሬት መዝገብ ሦስት ሰንጠረዦች አሉት እንበል። አንዱ የሰዎች ዝርዝር ነው፤ ሁለተኛው የማሳዎች ዝርዝር ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ የትኛው ሰው የትኛውን ማሳ እንደያዘ የሚያሳይ የይዞታ ሰንጠረዥ ነው። ባልና ሚስት በጋራ የያዙት ማሳ በሦስተኛው ሰንጠረዥ ውስጥ ሁለት ረድፍ ይኖረዋል ማለት ነው።

ፍተሻ ማለት መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ጥያቄ ለፕሮግራሙ አቅርቦ፣ የተገኘውን መልስ ከሚጠበቀው ጋር ማነጻጸር ነው። «የባልን አድራሻ ቀይር፤ ከዚያ በኋላ የማሳው ባለይዞታዎች ስንት ናቸው?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ሁለት ካልሆነ አንድ ነገር ተበላሽቷል። ሆኖም ኤድስገር ዳይክስትራ የተባለው የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት እንዳስገነዘበው፣ ፍተሻ የስሕተትን መኖር ያሳያል እንጂ አለመኖሩን አያረጋግጥም። መቶ ፍተሻዎች ሁሉ «አለፈ» የሚል ውጤት ቢሰጡ፣ መቶ ጥያቄዎች ተመለሱ ማለት እንጂ መጠየቅ የነበረበት ሁሉ ተጠየቀ ማለት አይደለም።

ረዳቱ ከየት ተምሮ ይጽፋል?

ኮድ ጸሐፊ ረዳት የሚሠራው በቋንቋ ሞዴል ነው። ሞዴሉ እጅግ ብዙ ጽሑፍና ኮድ ተምሮ፣ ከፊቱ ለቀረበለት ጽሑፍ የሚስማማውን ተከታይ እየገመተ ይጽፋል። ስለዚህ ልዩ ትእዛዝ ካልተሰጠው በስተቀር የሚያዘነብለው በተማረው ኮድ ውስጥ ወደ በዛው ልማድ ነው። በዓለም ላይ ባለው ኮድ ውስጥ ዓመት 12 ወር ነው፤ ስም በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ ሰው ሁሉ የቤተሰብ ስም እንዳለው ይታሰባል። ረዳቱ ስለ ጳጉሜ ሲጠየቅ ሊመልስ ይችላል፤ ነገር ግን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ሳይጠየቅ አስታውሶ መሥራት ሌላ ነገር ነው።

መመሪያው የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። መመሪያ ረዳቱ ሥራ በጀመረ ቁጥር የሚያነበው አጭር የጽሑፍ ፋይል ሲሆን፣ «በዚህ ሥራ ውስጥ ፍተሻ የሚጻፈው እንዲህ ነው» ብሎ ያዝዛል። «ጥሩ ፍተሻ ጻፍ» የሚለው ትእዛዝ ምንም አልጨመረም፤ ረዳቱ አስቀድሞም ጥሩ የመሰለውን ነበር የሚጽፈው። በአንጻሩ «የማሳ ዝውውር መሃል ላይ ሲቋረጥ ከዝውውሩ በፊት የነበረው መረጃ ሳይነካ መገኘቱን ፈትሽ» የሚለው ትእዛዝ መፈጸም አለመፈጸሙን ማየት ይቻላል። ሊመዘን የሚችል መመሪያ ተፈጻሚነቱ በዓይን የሚታይ መመሪያ ነው።

በቀላሉ የሚያልፍ ፍተሻ

ፍተሻ እንዲፈጥን በማሰብ በብዙ ሥራዎች ውስጥ የሚዘወተር አንድ ልማድ አለ። ይኸውም ሥርዓቱ በሥራ ላይ የሚጠቀመው ፖስትግሬስኪውኤልን የመሰለ ጥብቅ የመረጃ ቋት ሆኖ ሳለ፣ ፍተሻውን ኤስኪውላይት በተባለው ቀላል ቋት ላይ ማካሄድ ነው። ኤስኪውላይት እ.ኤ.አ. በ2000 የተፈጠረ፣ በየእጅ ስልካችን ውስጥ ሳይቀር የሚሠራ ድንቅ መሣሪያ ነው። ነገር ግን ጠባዩ የተለየ ነው። በሰንጠረዦች መካከል ያለውን የዝምድና ደንብ እንዲያስከብር በግልጽ ካልታዘዘ በስተቀር በልማዱ አያስከብርም። የቀን ዓምድ ተብሎ በተሰየመ ቦታም ማንኛውንም ጽሑፍ ይቀበላል።

ይህ ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ በአንድ ምሳሌ እንይ። አንድ ጀማሪ ፕሮግራም ሠሪ የኢትዮጵያን ቀን ሳይቀይር እንዳለ በቀን ዓምድ ውስጥ ቢያስገባ፣ ጥቅምት ሁለተኛው ወር ስለሆነ ጥቅምት 30 ለቋቱ «የሁለተኛው ወር 30ኛ ቀን» ሆኖ ይቀርባል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሁለተኛው ወር ፌብሩዋሪ ነው፤ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀንም የለም። ፖስትግሬስኪውኤል ይህን ቀን አልቀበልም ይላል፤ ኤስኪውላይት ግን ያለ ተቃውሞ ይመዘግባል። 13ኛ ወር የሆነችው ጳጉሜም ዕጣዋ ተመሳሳይ ነው። በኤስኪውላይት ላይ የተካሄደው ፍተሻ «አለፈ» ይላል፤ ሥርዓቱ ወረዳ ጽሕፈት ቤት በደረሰ ጊዜ ግን ጥቅምት 30 ቀን የመጣው ገበሬ ሳይመዘገብ ይመለሳል። ስለዚህ የመመሪያው የመጀመሪያ መስመር «ፍተሻውን በሥራ ላይ ከሚውለው ጋር አንድ ዓይነት በሆነ ቋት ላይ አካሂድ» የሚል ቢሆን ተገቢ ነው።

የአገር ቤት ፈተናዎች

ረዳቱ በራሱ ሊያስባቸው የማይችል ይመስል በቸልታ ልናልፋቸው የማይገቡ፣ ከባህላችንና ከፊደላችን የሚመነጩ ፈተናዎች አሉ። ከእነዚህም ዋና ዋናዎቹን እንመልከት።

የመጀመሪያው የዘመን አቆጣጠር ነው። ጳጉሜ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ 6 ቀን ትሆናለች። ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ነበር፤ መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ በማግሥቱ ሴፕቴምበር 12 ዋለ። «አዲስ ዓመት ዘወትር ሴፕቴምበር 11 ነው» ብሎ የሚያምን ፕሮግራም ሁለቱን ቀኖች አንድ ያደርጋቸዋል። በሁለቱ ቀኖች ሁለት የተለያዩ የኪራይ ውሎች ተመዝግበው ከሆነ የትኛው እንደሚቀድም ማወቅ አይቻልም። ቀጣዩ ጳጉሜ 6 የሚውለው በ2019 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ፍተሻው ይህን ቀን ዛሬውኑ ካልጠየቀ፣ ጥያቄውን የሚጠይቀው ያ ቀን ራሱ ይሆናል።

ሁለተኛው የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ ነው። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ 3.0 ደረጃ ውስጥ ሲካተት፣ ሀ፣ ሐ እና ኀ የየራሳቸው መለያ ቁጥር ተሰጣቸው። ለኮምፒውተሩ እነዚህ ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። «ፀሐይ» የሚለውን ስም ብንወስድ፣ የመጀመሪያው ፊደል በፀ ወይም በጸ፣ ሁለተኛው ደግሞ በሀ፣ በሐ፣ በኀ፣ በሃ፣ በሓ ወይም በኃ ሊጻፍ ስለሚችል 12 ዓይነት አጻጻፍ እናገኛለን። በጎጃም ምድር ተወልደው ያደጉት የታላቁ ደራሲ ስም እንኳ አንድ ቦታ ሐዲስ ዓለማየሁ፣ ሌላ ቦታ ሀዲስ አለማየሁ፣ በሌላም ሃዲስ ተብሎ ታትሞ እናገኘዋለን። በዩኒኮድ ውስጥ የጽሑፍ ማስተካከያ ደንቦች ቢኖሩም ሞክሼዎቹን ወደ አንድ አያመጡም። ስለዚህ «ጸሀይ» ብሎ የሚፈልግ የመዝገብ ሠራተኛ «ፀሐይ» ተብላ የተመዘገበችውን ባለይዞታ አያገኛትም፤ «መዝገብ ላይ የሉም» ይላታል።

መፍትሔው ፊደላቱን አጥፍቶ ስሟን መለወጥ አይደለም። የጎጃም የቅኔ ቤቶች ያፈሯቸው ሊቃውንት እንደሚያውቁት፣ በግእዝ ሠረቀ ማለት ወጣ፣ ሰረቀ ማለት ደግሞ ሌባ ሆነ ማለት ነው፤ ፊደል ሲለወጥ ምሥጢር ይለወጣል። ስለዚህ ስሙ ባለቤቱ እንደጻፈው ይቀመጣል፤ ሞክሼዎቹ ወደ አንድ የተመለሱበት ሌላ ዓምድ ለፍለጋ ብቻ ይዘጋጃል። ፍተሻውም ሁለቱን፣ ማለትም የስሙ አጻጻፍ አለመለወጡንና ፍለጋው መሳካቱን፣ አብሮ መጠየቅ አለበት።

ሦስተኛው የቦታ ስፋት ነው። ዩቲኤፍ-8 በተባለው የአጻጻፍ ስልት አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲይዝ አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። «ሐዲስ ዓለማየሁ» የሚለው ስም 8 ፊደላትና አንድ ክፍት ቦታ ብቻ ቢሆንም 25 ባይት ነው። ፕሮግራሙ ስምን በ20 ባይት የሚቆርጥ ከሆነ በላቲን ስሞች የተደረገው ፍተሻ ሁሉ ያልፋል፤ የእኛ ሰው ስም ግን ተቆርጦ ይቀራል።

መመሪያውን መመዘን

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንመለስ። መመሪያ ጽፈናል፤ ረዳቱም በመመሪያው መሠረት ፍተሻዎችን ጽፏል። ፍተሻዎቹ መልካም መሆናቸውን እንዴት እንወቅ? ሪቻርድ ዴሚሎ፣ ሪቻርድ ሊፕተንና ፍሬደሪክ ሴይዋርድ እ.ኤ.አ. በ1978 ያስተዋወቁት ዘዴ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ዘዴው ትክክለኛ በሆነው ፕሮግራም ውስጥ ሆን ብሎ ስሕተት መትከልና ፍተሻው ይይዘው እንደሆነ ማየት ነው። ስሕተቱ ተተክሎ ሳለ ፍተሻው «አለፈ» ካለ ጉድለቱ የፍተሻው ነው።

ለመሬት መዝገባችን ስድስት ስሕተቶችን እንትከል። አንደኛ፣ ጳጉሜ 6ን የማያውቅ የቀን መቀየሪያ፤ ሁለተኛ፣ ጥቅምት 30ን ሳይቀይር የሚያስገባ መዝጋቢ፤ ሦስተኛ፣ የባል መረጃ ሲታደስ የሚስትን የይዞታ ረድፍ የሚያጠፋ ትእዛዝ፤ አራተኛ፣ ሞክሼዎችን የማያስተናግድ ፍለጋ፤ አምስተኛ፣ ውርስ ሲተላለፍ መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ ከአባት ነቅሎ ለልጅ ሳይጽፍ የሚቀር ዝውውር፤ ስድስተኛ፣ ምንም ባለይዞታ የሌለው ማሳ ተመዝግቦ እንዲጸና የሚፈቅድ ሰንጠረዥ።

ቀጥሎ የሚመጣው ማነጻጸሪያ ነው። ገበሬ አዲስ ማዳበሪያ ሲሞክር ማዳበሪያ ያልነካው መደብ በጎኑ ካልተወ፣ ምርቱ የጨመረው በማዳበሪያው ይሁን በዝናቡ ሊያውቅ አይችልም። እኛም ያንኑ ሥራ ያለ መመሪያ እና በመመሪያ ለረዳቱ እንሰጣለን። ረዳቱ ለአንድ ጥያቄ በየጊዜው የተለያየ መልስ ሊሰጥ ስለሚችል አንድ ጊዜ መሞከር አይበቃም፤ በእያንዳንዱ መንገድ አምስት አምስት ጊዜ እንሞክር። ስድስት ስሕተት በአምስት ሙከራ ሲባዛ 30 የመያዝ ዕድሎች ይገኛሉ። ከዚያም የመመሪያውን መስመሮች ተራ በተራ እያወጣን ሙከራውን እንደግማለን። አንድ መስመር ወጥቶ ውጤቱ ካልተለወጠ ያ መስመር ረዳቱን ከማድከም ያለፈ ጥቅም እንዳልነበረው እንጠረጥራለን።

ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። ፍተሻው ስሕተት ያልተተከለበትን ፕሮግራም ማሳለፍ ይኖርበታል፤ ሁሉንም የሚጥል ፈታሽ ከሁሉም አሳላፊ አይሻልም። ሁለተኛውም፣ የተተከሉት ስሕተቶች መመሪያውን ለሚጽፈው ሰው መገለጥ የለባቸውም። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ፈተና አስቀድሞ በመውጣቱ እንደተሰረዘ ሁሉ፣ ጥያቄው አስቀድሞ የታወቀ ፈተና የማንንም ችሎታ አይለካም።

ውጤቱን በምናነብበት ጊዜ ድምሩን ብቻ አንይ። ለምሳሌ ከ30 ዕድሎች 25ቱ ተያዙ እንበል። ውጤቱ መልካም ይመስላል። ነገር ግን ያመለጡት አምስቱ በአምስቱም ሙከራ ያመለጠ አንድ ስሕተት፣ ማለትም ባለይዞታ የሌለው ማሳ ቢሆኑስ? ያኔ ጉዳዩ የዕድል አይደለም፤ ከመመሪያው ውስጥ አንድ መስመር ራሱ ስሕተቱን እየሸሸገው ሊሆን ይችላል።

ይህ እንዴት ይሆናል? በመረጃ ቋት ውስጥ ትራንዛክሽን የሚባል ነገር አለ። ይህም ወይ ሙሉ በሙሉ የሚጸና፣ ወይም ከነጭራሹ እንዳልተጀመረ ሆኖ የሚሻር የሥራ ጥቅል ነው። በፍተሻ መመሪያዎች ውስጥ «እያንዳንዱን ፍተሻ በአንድ ትራንዛክሽን ውስጥ አካሂደህ በመጨረሻ ሻረው» የሚል መስመር ማግኘት የተለመደ ነው፤ አንዱ ፍተሻ ለሌላው ርዝራዥ እንዳይተው ይረዳልና ምክሩ መልካም ነው። ሆኖም «እያንዳንዱ ማሳ ባለይዞታ ይኑረው» የሚለው ደንብ ማሳው ገና በሚመዘገብበት ቅጽበት ሊረጋገጥ አይችልም፤ መጀመሪያ ማሳው፣ ቀጥሎ ይዞታው ይጻፋልና። ስለዚህ በፖስትግሬስኪውኤል ውስጥ እንዲህ ያለው ደንብ ትራንዛክሽኑ በሚጸናበት ጊዜ እንዲረጋገጥ ተደርጎ ይሠራል። ፍተሻው ግን ዘወትር ስለሚሻር ወደ መጽናት አይደርስም። ደንቡ ቢኖርም ባይኖርም ለፍተሻው አንድ ነው።

እንግዲህ መልካም የተባለው ምክር፣ ለዚህ መዝገብ ሲሆን ዓይንን ሸፈነ። እርማቱ መስመሩን ማጥፋት ሳይሆን ማስተካከል ነው፦ «ሲጸኑ ለሚረጋገጡ ደንቦች ትራንዛክሽኑን በእርግጥ አጽና፤ ከዚያ የፍተሻ ቋቱን እንደ አዲስ ገንባ።» መመሪያውን በማንበብ ብቻ ይህን ጉድለት ማስተዋል ለልምድ ባለሙያም ይከብዳል። ስሕተት ተክሎ የሚመዝን ግን ያገኘዋል።

በስሜት መመዘን ለምን አይበቃም?

ሜትር የተባለው የምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ያወጣው ጥናት ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። 16 ልምድ ያላቸው ፕሮግራም ሠሪዎች በሚያውቋቸው ፕሮጀክቶች ውስጥ 246 ሥራዎችን ሲሠሩ፣ በዕጣ አንዳንዱን በረዳት አንዳንዱን ያለ ረዳት እንዲሠሩ ተደረገ። ሲጨርሱ ረዳቱ በ20 በመቶ ያህል እንዳፈጠናቸው ገመቱ። በሰዓት ሲለካ ግን በረዳት የሠሩት ሥራ 19 በመቶ የበለጠ ጊዜ ወስዶ ተገኘ። ጥናቱ በዚያ ወቅት የነበሩትን መሣሪያዎች ብቻ የሚመለከት ቢሆንም፣ ስሜትና መለኪያ ምን ያህል ሊራራቁ እንደሚችሉ ያሳያል።

በቃል ብቻ የማይታዘዝ ነገር

አንድ መስመር ግን በመመሪያነት ብቻ ሊተው አይገባም። ይኸውም «በሥራ ላይ ያለውን ቋት አትንካ» የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 ሬፕሊት በተባለው መድረክ ላይ የሚሠራ አንድ ረዳት፣ ምንም ለውጥ እንዳያደርግ በግልጽ ታዝዞ ሳለ፣ ከአንድ ሺህ በላይ የድርጅት ኃላፊዎች መረጃ የነበረበትን የሥራ ላይ ቋት አጠፋ። መረጃው ሊመለስ እንደማይችል ተናግሮም ነበር፤ በኋላ ግን መመለስ እንደሚቻል ታወቀ። የኩባንያው ኃላፊ በይፋ ይቅርታ ጠይቀው፣ የፍተሻ ቋትና የሥራ ላይ ቋት ተለያይተው እንዲቀመጡ ማድረጋቸውን አስታወቁ።

ከዚህ የምንማረው፣ መመሪያ ልመና እንጂ ቁልፍ አለመሆኑን ነው። ረዳቱ የሚሠራበት የተጠቃሚ ስም የፍተሻ ቋቱን ብቻ እንዲከፍት፣ የሥራ ላይ ቋቱን የይለፍ ቃል ፈጽሞ እንዳያገኝ ማድረግ ያስፈልጋል። የፍተሻ ቋቱም የእውነተኛ ገበሬዎች ስምና ፎቶግራፍ ሳይሆን ለፍተሻ የተፈጠረ መረጃ ይኑረው።

ማጠቃለያ

ውድ አንባብያን፣ ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። በአንድ የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ የሚገኙ ጥቂት ተማሪዎች፣ አንዱ ቡድን ስሕተት ተካይ፣ ሌላው መመሪያ ጸሐፊ፣ ሦስተኛው መዝጋቢ ሆነው በአንድ ሳምንት ሊሠሩት ይችላሉ። ለመመረቂያ ጽሑፍም የሚበቃ ርእስ ነው፤ ምክንያቱም ጳጉሜንና ሞክሼ ፊደላትን የሚመለከት የተተከለ ስሕተት ስብስብ ሌላ አገር ያለ ሰው ሠርቶ እስኪሰጠን መጠበቅ አይኖርብንም።

በአዲስና ጉሊት የመጀመሪያው መዝገብ ሲዘጋጅ መሬቱን የለካው ሰው ቃል ብቻውን አልበቃም ነበር፤ ጎረቤት ቆሞ መስክሯል። ዛሬም ረዳቱ «ፈትሻለሁ፣ ሁሉም አልፏል» ሲል ምስክር ያስፈልገዋል። ምስክሩ እኛው አውቀን የተከልነው ስሕተት ነው። ስሕተቱ ከተያዘ ፍተሻውን እንመነው፤ ካመለጠ ግን መመሪያው ይታረም፣ ሙከራውም እንደገና ይደገም።